ትርንጎ ድምፅ ያወጣች ቀን

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። «ወንጌል ደግሞ ጡረታ አለው እንዴ?» ይሉኛል። ወንጌልማ የለውም፤ ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው። ዳገት መውጣት አቃተኝ፤ አዳዲስ መዘምራንን ቆሜ ማሠልጠን አቃተኝ። ምእመናኑም አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ ሸልመውኝ፣ ከፊት ወንበር አስቀምጠውኝ፣ «እማማ ፀዳለ፣ እስቲ ያሳለፉትን ያጫውቱን» አሉኝ። ማውራት ስጀምር ግን የተጠየቅሁት ሁሉ ስለ ቴሌቪዥኑ ሆነ። ካሜራው ያስፈራ ነበር ወይ? ሰው መንገድ ላይ ያስቆምዎት ነበር ወይ? ስለ መካነ ሰላም፣ ስለዚያች የወሎ ከተማ፣ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን የሥራ ዘመኔ የምለው መካነ ሰላምን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ልጅነት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ እዚያ የተማርኩትን ደጋግሞ መሥራት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ያላወራሁትን አሁን እጽፈዋለሁ። ትምህርቴን በልጅነቴ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ንባቡንም ጽሕፈቱንም ያዳበርኩት በራሴ ነው። ወሬ እወዳለሁና ብዙ ብዞርባችሁ ታገሱኝ።

ቴሌቪዥኑን ቶሎ ልጨርሰው። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ለልጆች በሚተላለፍ ዝግጅት ላይ እዘፍንና እጫወት ነበር። ከትምህርት ቤት መርጠው ነው የወሰዱኝ። ጓደኞቼ «አፍሽ ትልቅ ስለሆነ ነው» ይሉኝ ነበር፤ አልተሳሳቱም። ያን ጊዜ ካሜራ ፊት አይዘፈንም። ዘፈኑ አስቀድሞ በቴፕ ይቀዳል፤ በቀረጻው ቀን ቴፑ ይለቀቅና እኛ አፋችንን ብቻ እናንቀሳቅሳለን። ቀላል ይመስላል። አዘጋጃችን ቀጭን፣ ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር፤ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ በእርሳስ ጫፍ ከንፈሬን እየጠቆመ ያስተምረኛል። «ጆሮ ይታለላል፤ ዓይን ግን አይታለልልሽም። ‹መ› ስትዪ ከንፈርሽ ግጥም ይበል። ‹ለ› ስትዪ ምላስሽን ልየው። ‹ኦ› ስትዪ እንቁላል የምትውጪ ምሰዪ።» የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቢጠፋ እንኳ ተመልካቹ ግጥሙን ከአፌ ላይ እስኪያነበው ድረስ አሠለጠነኝ። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ከጣት ቁጥር አይበልጥም፤ እንዲያም ሆኖ ልጆች ባዩኝ ቁጥር ስሜን እየጠሩ ይከተሉኝ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ፊታችንን የምትቀባን ሴት ነበረች። ስትቀባኝ ሁልጊዜ በዝግታ ታንጎራጉራለች፤ ምንድን ነው ስላት አንድ እሑድ ጉለሌ አንድ ቤት ወሰደችኝ። ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይዘምራሉ። ቴፕ የለም። አፍሽን እንዲህ አድርጊው የሚል የለም። አብሬያቸው ስዘምር ጉሮሮዬ ተንቀጠቀጠ፤ ለካ ከተዋናይነቴ ወዲህ ሰው መሀል ሆኜ የራሴን ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ሌላ ምክንያት ያለኝ አይምሰላችሁ፤ ያ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የጸሎት ቤቶች ታሸጉ፤ «ጴንጤ» መባል ወንጀል ሆነ። በጣቢያው የውይይት ክበብ ተራ በተራ እየቆምን እግዚአብሔር የለም እንድንል ተጠየቅን። የእኔ ተራ ከመድረሱ በፊት ቀረሁ፤ ተመልሼም አልሄድኩ። ወንድሞችና እህቶች በየቤቱ ተደብቀው መሰብሰብ ሲጀምሩ ግን ችግሩ ፊቴ ሆነ። ሌላው ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ገበያ የሄደ መስሎ ይገባል፤ እኔን ግን ልጆች እስከ ደጃፉ ይሸኙኛል። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ጠርቶኝ፣ «እህቴ፣ አንቺ ስትመጪ ሰፈሩ በሙሉ አብሮሽ ይመጣል» አለኝ። እየቀለደ ነው የተናገረው፤ ቀጥሎ ግን በሩን ዘጋ። «ቴሌቪዥን ያልገባበት አገር ፈልገንልሻል። እዚያ አንዲት እናት አሉ፤ እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ።»

ከደሴ በጭነት መኪና፣ በስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ገባሁ። የለጋምቦን ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ ስወርድ ጣቶቼ መያዝ አይችሉም ነበር። እትዬ የሺመቤት መኪናው ከሚቆምበት ቆመው ይጠብቁኛል። «የወንድሜ ልጅ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው ሰው እስኪሰማ ድረስ ሳሙኝ። ከዚያ በጆሮዬ፣ «ስምሽን ብቻ ንገሪኝ፤ ሌላውን አልፈልግም» አሉኝ።

እትዬ የሺ በከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ሲቸግር ያዋልዳሉ። ተወላጅነታቸው እዚያው፣ የወሎ ቦረና ነው፤ ሙያውን ሊማሩ ወደ ደቡብ ሄደው ወንጌሉንም እዚያ ሰምተው ተመለሱ። የሥራ አለቃዬ እሳቸው ናቸው፤ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ደመወዜ የዕለት ምግቤና ማደሪያዬ ነበር፤ ስለ እሱ ይኸው በቃኝ።

ጠባያቸውን ልንገራችሁ። ሲጸልዩ ያየ ሰው የለም፤ የሚጸልዩት እጃቸውን ሲታጠቡ ነው። ሳሙናውን ቀስ አድርገው እስከ ክርናቸው ያዳርሳሉ፣ ያለቅልቃሉ፣ ደግመው ይታጠባሉ፤ የከተማው ሰው «እንደ የሺመቤት የጸዳ የለም» ይላል። ጾሙን ከጎረቤት ጋር ይጾማሉ። እኔ አንገቴ ላይ ማተብ ስላልነበረ በደረስኩ ማግስት ራሳቸው ጥቁር ክር ገምደው አሰሩልኝ። ፊቴን አይተው ነው መሰል፣ «ምነው? ለዚህ ሰው ክሩ እናቱ ያሰረችለት ነው። የእናቱን እጅ በጥሰሽ ወንጌል አትሰጪውም» አሉኝ። ለጥያቄ ቶሎ መልስ አይሰጡም፤ መርፌ ቀቅለው እስኪያወጡ፣ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንስተው እስኪያዩ ድረስ ያስጠብቃሉ። በቤታቸው ውስጥ የማንም ስም አይጠራም፤ «ባለ ቀጭኗ»፣ «ባለ ወፍራሟ» እያሉ በምንፈትለው ክር ነው የሚጠሩን። የማታውቂውን ተገርፈሽም አትናገሪውም ይሉ ነበር።

ፍርሃቴን ደግሞ እንደ ትኩሳት ይለኩት ነበር። ታጣቂ በአጥሩ ሥር ባለፈ ቁጥር ፊቴ ሲገረጣ ያዩና፣

«ስንት ደረሰ?» ይሉኛል።

«ሠላሳ ዘጠኝ፣ እትዬ።»

«በሠላሳ ዘጠኝ ሥራ አይፈታም። ፋሻውን ጠቅልዪ።»

የምንሰበሰበው በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ያን ቀን ከተማው ከየገጠሩ በመጣ ሰውና አህያ ይሞላል፤ ማን የት እንደገባ የሚያይ የለም። ቁስል ያለበት ገበያተኛ እትዬ የሺ ቤት ይመጣል፤ እኛ ደግሞ እንዝርትና ባዘቶ ይዘን ለፈትል የተሰበሰብን ሴቶች ነን። እጃችን ይፈትላል፤ ከመካከላችን አንዷ በቃሏ የያዘችውን የወንጌል ክፍል በወሬ ቃና ትናገራለች። መዝሙር ግን አልነበረም። ቤቱን ከመንገዱ የሚለየው አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ስለሆነ መዘመር ከተዉ ቆይተዋል።

ያኔ ነው የልጅነት ሙያዬ ትዝ ያለኝ። «እትዬ፣ ያለ ድምፅ መዘመር ይቻላል» አልኳቸው። መርፌያቸውን ቀቅለው፣ አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ፣ «አሳዪኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። አዘጋጁ እኔን እንዳስተማረኝ ሴቶቹን አስተማርኳቸው፤ ‹መ›ን መግጠም፣ ‹ለ›ን ማሳየት። እንዝርቴን ሳሾር ይጀምራሉ፤ ዙሩ ሲያልቅ ያቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን በሳቅ ልንሞት ነበር፤ ባለ ወፍራሟ፣ የከተማው መምህር ሚስት፣ «ኧረ በአላህ፣ ሰው ቢያየን ሣር የሚያመነዥጉ በጎች ይለናል» አለች። እሷ ቄስ አያት ያላት ክርስቲያን ናት፤ ወሎ እንዲህ ነው። እየለመድነው ስንሄድ ግን ሳቁ ቀረ። ድምፅ በሌለበት የሌላዋን ከንፈር እያዩ እኩል መዘመር፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰውን ያቀራርባል። ዓይናችንን እንኳ ጨፍነን መዘመር አንችልም።

ትርንጎ የመጣችው ጣቷን ተቃጥላ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር የጓድ ይማም እህት ናት፤ ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ይዟት ጆሮዎቿ ጠፍተዋል፤ ከዚያ በፊት አፏን ፈትታ ስለነበር ትናገራለች፤ ግን ድምፅዋን ስለማትሰማው አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይሰምጣል። ሰው ሲያናግራት ከንፈር ታያለች። ብዙው ሰው ደግሞ ለደንቆሮ ምን ያወራል ብሎ ፊቱን አያዞርላትም።

እትዬ የሺ ጣቷን ሲያስሩላት እኛ ጀምረን ነበር። ትርንጎ በበሩ በኩል አየችን። ፋሻው ሳይቋጠር ተነስታ መጣችና ፊቴ ቁጭ አለች። ከንፈሬን አየች፣ አየች፣ ከዚያ በዚያ ድምፅዋ፣ «ይሰማኛል» አለች።

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ።

«የዚችኛዋ ይሰማኛል። ስለ ወንዝ ነው የምትለው።»

እውነቷን ነው። መዝሙሩ «ወንዙ ሞልቷል፣ ድንጋዩ አይታይም፤ ጌታዬ፣ እጄን ካልያዝከኝ አልሻገርም» የሚል ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ፈርተው ፈትላቸውን ሰበሰቡ፤ የሊቀመንበሩ እህት ናት። እትዬ የሺ ግን ትርንጎን እጇን ይዘው ወደ ቦታዋ መለሷትና ፋሻውን አስረው ጨረሱ። ማታ ሳሙናውን ሲያስቀምጡ፣ «መጥታ ተቀምጣለች፤ እኔ የማስነሳበት አፍ የለኝም» አሉ።

ትርንጎ ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር በርበሬዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትመጣለች። ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ ነው የምትቀመጠው። ከእኔ ጋር ታወራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትከራከራለች። «ጌታ ለደንቆሮው ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከተተ አልሽኝ። ለእኔ ለምን አልከተተም?» አለችኝ አንድ ቀን። አላውቅም አልኳት። «አላውቅም ስትዪ አፍሽ ያምራል» አለችኝና ሳቀች።

አብራንም መዘመር ፈለገች። ይህ ከባድ ሥራ ነበር፤ ድምፅ ታውጣ አታውጣ በምን ታውቃለች? መላውን ያመጡት እትዬ የሺ ናቸው። አጠገቧ ተቀምጠው ሁለት ጣታቸውን ጉሮሮዋ ላይ ያኖራሉ። ከተንቀጠቀጠ ድምፅ አለ ማለት ነው፤ መታ ያደርጓታል፤ ታቆማለች። ብዙ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ግን መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር ጉሮሮዋ ሳይነቃነቅ አደረሰችው። እትዬ የሺም ባይሆኑ ሁልጊዜ አንዷ ጣቷን ታኖርላት ነበር። ያለ ጠባቂ አንዘምርም፤ ሕጋችን ነበር።

ያን ቀንም ጠባቂ ነበራት። እትዬ የሺ ምጥ የጸናባት ሴት መጥታ ጤና ጣቢያ ተጠርተዋል፤ ትርንጎ አጠገብ የተቀመጠችው የመምህሩ ሚስት ናት። ባሏን በዚያ ሳምንት ለጥያቄ ወስደውት አልተመለሰም። ወንዙ ሞልቷል ስንል እንባዋ መጣ። ጣቷን ከትርንጎ ጉሮሮ አንስታ ዓይኗን ጠረገች። ይኸው ነው የሆነው፤ ሴትዮዋ እንባዋን ጠረገች።

ትርንጎ ደግሞ መዝሙሩን በልቧ ይዛዋለች፤ የእኔን ከንፈር ማየት አላስፈለጋትም። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ድምፁ ሲመጣ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ አላወቅንም። ከወፍራም ተነስቶ ተሰነጠቀና ወደ ላይ ወጣ፤ ዜማው የለበትም፤ ቃሉ ግን አንድም አልጠፋ። «ጌታዬ፣ እጄን ካልያዝከኝ አልሻገርም።» ቤቱ ጠበበው። ብንጮህ አትሰማም፤ በእጄ ምልክት ብሰጥ አታይም። እንዝርቱን ጥዬ በባዘቶው ላይ ተንደርድሬ ትከሻዋን ያዝኳት። ዓይኗን ገለጠች። ፊቴን አየችና ምን እንዳደረገች ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ከአጥሩ ውጭ የገበያው ጫጫታ ለአፍታ ቀጥ ያለ መሰለኝ። ከዚያ በሩ ተገፋ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው።

«ማነው ‹ጌታዬ› የሚለው?»

አንደኛው ትርንጎን አያት። «ያ ረቢ፣ የጓድ ይማም እህት አይደለችም?» ሌላው ደግሞ እኔን አየ፤ ትከሻዋን እንደያዝኩ ነኝ። «ሁለታችሁም ተነሱ» አለ።

ወደ ቀበሌው ስንሄድ በገበያው መሀል ነው ያሳለፉን። ሰው መንገድ ይለቅልናል፤ ያ ነው የሚያስፈራው። ትርንጎ እጄን ይዛለች፤ መዳፏ በርበሬ ነክቶት ያቃጥላል። እኔ የማስበው ስለ እትዬ የሺ ነበር። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ አንድ ስም ከወጣ የሚወጣው የእሳቸው ስም ነው። በዚያ ዓመት የተወሰደ ሰው ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ካድሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ወራት አይበልጠውም። ጓድ ይማም ከጎኑ ቆሟል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራው ሰው። እህቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

ካድሬው ትርንጎን ጠየቃት። እሷ አፉን ታያለች፤ ሪዙ ከንፈሩን ሸፍኖታል። «ምን ይላል?» አለች ጮክ ብላ። ይማም ጠየቃት፤ እሱ ደግሞ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። «ምን ይላል?» አለች። ካድሬው የሚያፌዙበት መሰለው፣ ጠረጴዛውን መታ።

«ጓድ» አለ ይማም፣ «እቺ ልጅ ስታናግራት ነው የምትሰማው። ሰው አይቶ ነግሮኛል።»

ለካ ያውቅ ኖሯል። ሁሉንም ያውቅ ኖሯል።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ፤ አፌን አየ። «አንቺን የት ነው የማውቅሽ?» ተነስቶ መጣና ዞረኝ። «የቴሌቪዥኗ ልጅ። ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፌ ነበር የማይሽ።» ፊቱ ለቅጽበት የልጅ ፊት ሆነ፤ ወዲያው መልሶ ጠቆረ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አየር ለመለወጥ ነው፣ ጓድ። አክስቴ ጋ ነኝ።»

«ጥሩ። እንግዲያ የኛ ሰው ነሽ፤ አስተርጉሚልኝ። ጮክ በይ፣ እኔም ልስማ። ይህን መዝሙር ማን አስተማረሽ በያት።»

ወደ ትርንጎ ዞርኩ። እንደ ቀረጻው ቀን ቴፑ ተለቋል፣ አፌን ማንቀሳቀስ አለብኝ፤ ሌላ ቃል በከንፈሬ ልናገር ብል ድምፄ ያጋልጠኛል። ስለዚህ ያለኝን አልኳት። «ይህን መዝሙር ማን አስተማረሽ?»

ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ጠያቂዋም እኔ። ትርንጎ ከንፈሬን አየች። እንድደግምላት የጠበቀች መሰለኝ፤ ግን ደጋግማ የምታየው ዓይኔን ነበር። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞራ ጮኸች።

«እናቴ።»

ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጆሮዬ ሳይዘጋ። አዝላኝ ወንዝ ስትሻገር ትለው ነበር። ከሰማሁት ሁሉ የቀረኝ እሱ ነው።»

ካድሬው ይማምን አየው። ይማም እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ፣ «ልክ ናት» አለ። «እናታችን ዱበርቲ ነበረች። ዝናብ ሲጠፋ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ እነዚያ እናቶች ተሰብስበው የሚለምኑት ልመና አለ። ሁሉም ‹ጌታዬ› ነው የሚል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም።»

«ኋላ ቀርነት ነው» አለ ካድሬው።

«ኋላ ቀርነት ነው፣ ጓድ» አለ ይማም።

ለቀቁን። ከአዳራሹ ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ይማም ደረሰብኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እናታችን ትርንጎን ወልዳ ሳትነሳ ነው የሞተችው» አለኝ። «ወንዝም አላሻገረቻት። አንዴ ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አታስዋሹኝ።» በማግስቱ ትርንጎን በበቅሎ ጭኖ ደጎሎ ወደምትኖር አክስታቸው ሰደዳት። ልሰናበታት ብሄድ በሩ ተቆልፏል።

እትዬ የሺ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ፤ ያን ያህል ሲታጠቡ አይቼ አላውቅም። ሲጨርሱ፣ «ስንት ደረሰ?» አሉኝ።

«አርባ አለፈ።»

«የእኔም» አሉ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ሳይሳካልኝ ቀርቷል፤ እንደዚያኛው ግን የለም። የመምህሩ ሚስት ሁለተኛ አልመጣችም። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ያለ ድምፅ መዘመሩንም ተውነው፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። በዚያ ላይ ካድሬው የኪነት ቡድኑን ልጆች እንዳሠለጥን አዘዘኝ። እትዬ የሺ ጉሮሮዋ ታሟል ብለው አንገቴን በፋሻ ጠመጠሙልኝና፣ «አንቺ አትዘፍኚም። አፍ መክፈት ግን አስተምሪያቸው፤ አፍ መክፈት ኃጢአት አይደለም» አሉኝ። ካድሬው «ዛሬም አልዳነም?» ባላቸው ቁጥር «እያየነው ነው፣ ጓድ» ይሉታል። እኔን ግን ሌሊት የሚያባንነኝ ካድሬው አልነበረም፤ የትርንጎ ነገር ነበር። እዚያ ደጎሎ ፊቱን የሚያዞርላት ሰው ይኖር ይሆን?

በሚቀጥለው በጋ እትዬ የሺ ለክትባት ዘመቻ በከላላ በኩል ወደ ጃማ ሲታዘዙ የክትባቱን ሳጥን የምትሸከም ሰው ያስፈልገኛል ብለው እኔን አስፈቀዱ። የጃማዋ ደጎሎ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። የገበያው ሜዳ በየጆንያው ገብስና ስንዴ ነው፤ ታጣቂዎች በእህሉ መሀል ይዞራሉ። እትዬ የሺ ሕፃናት ያሰልፋሉ፤ እኔ በሳጥኑ ላይ ቆሜ በሰው አናት ላይ እፈልጋለሁ።

አየኋት። ከአክስቷ ጎን ገብስ ትሰፍራለች፤ ከስታለች። ቀና ስትል ተያየን። መሀላችን ያለው ሰፊ ሜዳ ነው፣ ሰው ነው፣ ጠመንጃ ነው። አልተንቀሳቀስኩም። ድምፅ ሳላወጣ፣ አንድ ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

«ደህና ነሽ?»

ትርንጎ ሁለት ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አኖረች። ራሷን በራሷ እየጠበቀች፣ ያለ ድምፅ መለሰች። «ደህና ነኝ። እዚህ ሁሉም ጀርባውን ነው የሚሰጠኝ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ምኑን?» አለችና ደግሞ፣ «እትዬ የሺን አልወሰዷቸውም?» አለች።

በአገጬ አሳየኋት። አይታቸው ፊቷ ፈታ አለ። አንድ ታጣቂ በመሀላችን ቀስ ብሎ አለፈ፤ ሁለታችንም አፋችንን ዘጋን። ሲያልፍ ትርንጎ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን ድምፄ ምን ይመስል ነበር?»

ምን ልበላት? ያምር ነበር ብላት ከንፈሬን አይታ ውሸቴን ታውቃለች። ከዚያም ሌላ፣ በዚያ ድምፅ የተነሳ የጠፋባትን ሁሉ ታውቃለች፤ እውነቱ ይገባታል።

«ስንጥቅጥቅ ያለ ነበር» አልኳት። «ትልቅ ነበር። ከአጥሩ ውጭ፣ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። ሁላችንም ፈራን።»

አሰበች። ከንፈሯን ገጥማ አሰበች። ከዚያ፣

«እንግዲያ ሰምቶኛል» አለች።

ጣቷ ከጉሮሮዋ ወረደ፤ ሳቀች። በድምፅዋ ነው የሳቀችው። ሜዳው በሙሉ ዞረ። ታጣቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ አክስቷ «ተዋት፣ ደንቆሮ ናት፣ ምን እንዳሳቃት አታውቀውም» እያለች ክንዷን ትጎትታለች። እትዬ የሺ ሳይዞሩ፣ መርፌያቸውን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ፣ «ውረጂ፤ ሳጥኑን አንሺ፤ እንሂድ» አሉኝ። ወርጄ አነሳሁት። ዞር ሳልል፣ በገብሱ መሀል አለፍኩ። ሳቋ እስከ ገበያው ዳር ድረስ ተከተለኝ፤ ማሳነሱን አታውቅበትም።